ከሚሺጋን እስከ ሃይደራባድ፤ የወይዘሪት ሪቻ ጋንጎፓድያይ የሲኒማ ታሪክ

ልጆቻቸውን በባሕር ማዶ የሚያሳድጉ ወላጆች ብዙ የሚያሳስባቸው ነገር እንዳለ የታወቀ ነው። ልጅቱ ቋንቋዋን እንዳትረሳ፥ የአባቶቿን ልማድ እንዳትንቅ፥ ትምህርቷንም ከግብ ሳታደርስ እንዳትቀር ይጨነቃሉ። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን በደኅና ትምህርት ቤት የተማረች ልጅ አንድ ቀን ተነሥታ በሲኒማ መጫወት እፈልጋለሁ ያለች እንደ ሆነ፥ ያን ጊዜ በቤቱ ውስጥ የሚነሣውን ክርክር ለመገመት አያስቸግርም። አባት ዝም ይላል፤ እናት ትተክዛለች፤ ዘመድም ይሰበሰባል። ግማሹ ስሟ ጠፋ ይላል፤ ግማሹም በስውር ደስ ይለዋል።

ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ዓምዳችን የምንጽፈው ይህን መንገድ በፈቃዷ ስለ ጀመረች፥ ኋላም በፈቃዷ ስለ ተወች አንዲት የህንድ ተወላጅ ነው። ስሟ ሪቻ ጋንጎፓድያይ ይባላል። ስሙ ለአንባቢያችን ምላስ ጥቂት የሚከብድ ቢሆንም በደቡብ ህንድ ግን በሚሊዮን የሚቈጠር ሕዝብ ያውቀዋል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን አስቀድሞ ስለ ቴሉጉ ሲኒማ ጥቂት ቃል መናገር ያስፈልጋል። ቴሉጉ የሚባለው ቋንቋ በደቡብ ምሥራቅ ህንድ በአንድራ ፕራዴሽና በቴላንጋና የሚነገር ነው፤ እነዚህም ሁለቱ እስከ 2014 ድረስ አንድ ግዛት ነበሩ። በ2011 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ በህንድ ውስጥ ይህን ቋንቋ የአፍ መፍቻው ያደረገ ሰው ከ80 ሚሊዮን በላይ ሆኖ ተገኝቷል። የህንድ ሲኒማ በተነሣ ቍጥር ብዙ ሰው ቦምባይን ብቻ ያስባል፤ ዳሩ ግን የቴሉጉ ሕዝብ ከ1930ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በገዛ ቋንቋው የሚናገር ፊልም አለው። የመጀመሪያውም ኤች ኤም ሬዲ ያዘጋጀው «ባክታ ፕራህላዳ» የተባለው ነው። ሥራው ለብዙ ዘመን ይካሄድ የነበረው በማድራስ ከተማ ሲሆን፥ በኋላ ግን ቀስ በቀስ ወደ ሃይደራባድ ተዛወረ። በዚያችም ከተማ አጠገብ በ1996 የተሠራው የራሞጂ የፊልም ከተማ ከዓለም የሲኒማ መሥሪያ ስፍራዎች ሁሉ በስፋቱ ታላቅ መሆኑ ተመስክሮለታል። በ2023 ደግሞ «አር አር አር» ከተባለው የቴሉጉ ፊልም ውስጥ ያለ አንድ ዘፈን በአሜሪካ የሚሰጠውን የኦስካር ሽልማት አግኝቷል።

ሴቶች ወደዚህ ሥራ የገቡበት መንገድ ግን እንዲህ ቀላል አልነበረም። በ1913 የመጀመሪያው ረጅም የህንድ ፊልም «ራጃ ሃሪሽቻንድራ» በተሠራ ጊዜ በካሜራ ፊት ለመቆም የምትፈቅድ ሴት ስላልተገኘች የንግሥቲቱን ስፍራ የተጫወተው ወንድ ነበር። የተከበረ ቤተ ሰብ ልጁን ለዚህ ሥራ ከመስጠት ሞትን ይመርጥ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። በቴሉጉ አገር ግን ከ1885 ጀምሮ ሱራቢ የሚባል የቴአትር ማኅበር ነበረ። በዚህ ማኅበር አባትና እናት፥ ልጅና ምራት ሁሉ በአንድነት እየዞሩ ይጫወቱ ነበርና ሴቲቱ የሴቲቱን ስፍራ ራሷ ትይዝ ነበር። በመጀመሪያው ተናጋሪ የቴሉጉ ፊልም የተጫወተችው ሱራቢ ካማላባይም ከዚያው ቤት የወጣች ናት። ሙያው በቤተ ሰብ መካከል ሲሆን ነውርነቱ እንዲቀንስ ከዚህ ማየት ይቻላል። ዛሬም ቢሆን በህንድ ሲኒማ ወጣት ሴት ተጫዋች ወደ ሥራ ስትሄድ እናቷ ወይም ሌላ የቅርብ ዘመዷ አብራ መሄዷ እንግዳ ነገር አይደለም።

ሪቻ ጋንጎፓድያይ በ1986 በመጋቢት ወር በኒው ዴልሂ ተወለደች። ቤተ ሰቧ በዘሩ ቤንጋሊ ነው እንጂ ቴሉጉ አይደለም፤ ይህንንም አንባቢያችን ልብ ይበልልን፤ በኋላ እንመለስበታለን። ገና ሕፃን ሳለች ወላጆቿ ወደ አሜሪካ ስለ ሄዱ ያደገችው በዚያ ሲሆን፥ ይልቁንም የምትታወቀው በሚሺጋን ግዛት ልጅነት ነው። በ1965 የአሜሪካ መንግሥት የባዕድ አገር ሰዎች የሚገቡበትን ሕግ ካሻሻለ ወዲህ ብዙ የህንድ ሐኪሞች፥ መሐንዲሶችና መምህራን ወደዚያ አገር ፈልሰዋል። እነዚህም ሰዎች በሄዱበት ሁሉ መቅደሳቸውን፥ ማኅበራቸውንና የበዓል ዘፈናቸውን ይዘው ስለ ሄዱ ልጆቻቸው በሳምንቱ ቀን አሜሪካዊ፥ በእሑድ ቀን ህንዳዊ ሆነው ያድጋሉ ማለት ይቻላል። ሪቻም ከነዚህ ልጆች አንዷ ነበረች። በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ገብታ የተማረችው ስለ ምግብና ስለ ጤና የሚያስተምረውን ትምህርት ነው። ይህ ትምህርት ሐኪም ቤት የሚያስገባ እንጂ ወደ ሲኒማ የሚያደርስ አይደለም።

በ2007 ግን በአሜሪካ የሚኖሩ የህንድ ተወላጆች ልጆች በሚወዳደሩበት የውበት ውድድር አሸንፋ የዘመኑን ዘውድ ደፋች። እንዲህ ያለውን ውድድር የሚነቅፉ ብዙዎች ናቸው፤ እኛም በጠቅላላው የምናመሰግነው አይደለም። የሆነ ሆኖ በሰው አገር ላደገች ልጅ ይህ ዓይነቱ ጉባኤ ወደ አባቶቿ አገር የሚከፈት በር መሆኑን መካድ አይቻልም። በሚቀጥለው ዓመት በ2008 ሻንጣዋን ይዛ ወደ ቦምባይ፥ ማለት ዛሬ ሙምባይ ወደሚሏት ከተማ ሄደች። ወላጆች ከህንድ ወደ አሜሪካ ኑሮ ሲፈልጉ ሄደው፥ ልጅቱ ከሃያ ዓመት በኋላ ሥራ ስትፈልግ ወደ ህንድ ተመለሰች ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ከዕድል ጋር የተያያዘ ነው። በዚያን ጊዜ ሴክሃር ካሙላ የሚባል አዘጋጅ ስለ መንግሥት ሥራ የሚናገር አዲስ የቴሉጉ ፊልም ሊሠራ ተነሥቶ ነበር። ይህ ሰው ራሱ ለትምህርት ወደ አሜሪካ ሄዶ የነበረ ሲሆን፥ የፊልምን ሙያ የተማረው በዋሽንግተን ከተማ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። የኛው አገር ተወላጅ አቶ ኃይሌ ገሪማ ከ1975 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት የፊልም ሙያ ያስተማሩት በዚሁ በሃዋርድ መሆኑን ስናስታውስ ደስ ይለናል። ሚስተር ካሙላም በ2000 የሠራው የመጀመሪያ ፊልሙ «ዶላር ድሪምስ» ስለ አሜሪካ የሚያልሙትን የህንድ ወጣቶች የሚናገር ስለ ሆነ፥ ከባሕር ማዶ የመጣችውን ልጅ ልብ ሳይረዳ አይቀርም ብለን እናስባለን።

ፊልሙ «ሊደር» ይባላል፤ ትርጓሜውም መሪ ማለት ነው። በየካቲት ወር በ2010 ታየ። ታሪኩ የግዛቱ ጠቅላይ ሚኒስትር በፈንጂ ከሞተ በኋላ በአሜሪካ የተማረው ልጁ ወደ አገሩ ተመልሶ የአባቱን ወንበር ሲይዝና ጉቦን ለማጥፋት ሲታገል የሚያሳይ ነው። ልጁን ሆኖ የተጫወተው ራና ዳጉባቲም ገና ያን ጊዜ መጀመሩ ነበር። ሪቻ የያዘችው የአንድ ታላቅ የፖለቲካ ሰው ልጅ የሆነችውን የአርቻናን ስፍራ ነው። ወጣቱ ሹም የአባቷን ድጋፍ ሳያጣ ሥልጣኑን ለማጽናት ሲል የልጅቱን ፍቅር መሣሪያ ያደርገዋል፤ እርሷም ይህን ስታውቅ ልቧ ይሰበራል። በመንግሥት ሥራ ላይ ያሉ አንባቢዎቻችን ይህን ፊልም ቢያዩት ከፍቅሩ ይልቅ ክርክሩ ይበልጥ የሚስባቸው ይመስለናል። መልካም ሥራ ለመሥራት ሲል ክፉ መንገድ የሚይዝ ሰው በመጨረሻ የትኛውን ይሆናል? የሚለውን ጥያቄ ፊልሙ በግልጥ ያነሣዋልና። በፊልሙ ውስጥ ጋዜጠኛይቱን ሆና የተጫወተችው ፕሪያ አናንድም በአሜሪካ የተማረች ስለ ሆነች፥ ሁለቱ ሴቶችና አዘጋጁ ሦስቱም የባሕር ማዶ ትምህርት ያዩ ናቸው።

አሁን ወደ ቋንቋው ነገር እንመለስ። ከላይ እንዳልነው ሪቻ የቤንጋሊ ልጅ ናት፤ ያደገችው በእንግሊዝኛ ነው፤ የተጫወተችው ግን በቴሉጉ ነው። ይህ እንዴት ይሆናል ቢሉ፥ በደቡብ ህንድ ሲኒማ እንግዳ አይደለም። በቴሉጉ ፊልም ከሚጫወቱት ሴቶች ብዙዎቹ ከሌላ ግዛት የመጡ በመሆናቸው፥ ተጫዋቿ ቃሉን በቃሏ አጥንታ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ ኋላም ቋንቋውን አጥርታ የምታውቅ ሌላ ሴት በጨለማ ክፍል ተቀምጣ በሥዕሉ ላይ ድምፅዋን ትጨምርበታለች። ዘፈኑንማ የሚዘፍኑት ከጥንት ጀምሮ ሌሎች ናቸው። እንዲህ ሲሆን በአንዲት ሴት ፊት ላይ ሦስት ሴቶች ይሰበሰባሉ፤ አንዲቱ ትታያለች፥ ሁለተኛይቱ ትናገራለች፥ ሦስተኛይቱ ትዘፍናለች። የአንድራ ፕራዴሽ መንግሥት ከ1964 ጀምሮ ይሰጠው በነበረው የናንዲ ሽልማት ድምፅ ለሚያውሱትም የተለየ ክፍል ማድረጉ ፍርድ ያለበት ነገር ነው እንላለን። ስማቸው በትልቁ የማይጻፍ፥ ፊታቸውም የማይታይ እነዚያ ሴቶች ባይኖሩ ስንቱ ዝነኛ ፊት ዲዳ ሆኖ በቀረ ነበር!

ለተጫዋቿ ግን ይህ ነገር ዕረፍትም ዕዳም ነው። ዕረፍትነቱ ቋንቋውን ሳታውቅ ሥራ እንድታገኝ ማስቻሉ ነው። ዕዳነቱ ግን ድምፁ የሌላ ከሆነ ፊቷ ብቻ ስለሚፈለግ፥ በሌላ ፊት ለመተካት ቀላል መሆኗ ነው። በቴሉጉ ሲኒማ የሴት ተጫዋች ዘመን አጭር የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለናል። ሌላው ምክንያት ደግሞ የዕድሜ ነገር ነው።

በ2010 መጨረሻ ሪቻ «ናጋቫሊ» በተባለ የአጋንንትና የአስማት ታሪክ ባለበት ፊልም ተጫወተች። ዋናው ወንድ ተጫዋች ቬንካቴሽ በዚያው ሳምንት 50 ዓመት ሞልቶት ነበር፤ እርሷ ግን 24 ዓመቷ ነበር። በጥር ወር 2011 በወጣው «ሚራፓካይ» አብሯት የተጫወተው ራቪ ቴጃ 43 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። በ2013 «ብሃይ» በተባለው ፊልም የ27 ዓመቷ ሪቻ ከ54 ዓመቱ ናጋርጁና ጋር ተጣምራለች። ወንዱ ተጫዋች ሠላሳ ዓመት በዙፋኑ ላይ ሲቀመጥ፥ ሴቲቱ በየሁለትና በየሦስት ዓመቱ ትለወጣለች ማለት ነው። ወንዶቹ የሙያቸውን ክብር በድካም ያገኙ ስለ ሆኑ እኛ እነርሱን አንነቅፍም። ዳሩ ግን ሴት ልጁን ወደዚህ ሥራ የሚያሰናብት አባት ከሁሉ አስቀድሞ ሊቈጥረው የሚገባው ቍጥር ይህ ነው። ደመወዙንና ዝናውን የሚቈጥር ብዙ ነው፤ ዓመቱን የሚቈጥር ግን ጥቂት ነው።

በነገራችን ላይ «ሚራፓካይ» ማለት በቴሉጉ በርበሬ ማለት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ የተጫወተችበት «ሚርቺ»ም ትርጓሜው ያው በርበሬ ነው። የቴሉጉ አገር ሰው በተለይ ጉንቱር በተባለው አውራጃ በሚበቅለው በርበሬው የታወቀ፥ ወጡንም እንደ እኛ አጥብቆ የሚያቃጥል ሕዝብ ነው። ስለዚህ ለፊልሙ ይህን ስም ሲሰጥ ኃይለኛና የሚጥም ነው ማለቱ እንደ ሆነ የኛ አገር አንባቢ ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

ይህች ሴት እውነተኛ የሙያ ችሎታ እንዳላት የታየው ግን ከቴሉጉ ወጥታ በጎረቤቱ በታሚል ቋንቋ በተሠራው «ማያካም ኤና» በተባለው ፊልም ነው። ይህም በ2011 በኅዳር ወር የወጣ፥ ሴልቫራጋቫን ያዘጋጀው ነው። ዳኑሽ የተባለው ተጫዋች የዱር አራዊትን ፎቶግራፍ ማንሣት የሚመኝ ድኻ ወጣት ሆኖ ይታያል። ያነሣውን የወፍ ሥዕል አንድ ዝነኛ ፎቶግራፍ አንሺ ሰርቆ የራሱ ያደርግበታል። ከዚያም ሰውየው በሐዘን ይሰበራል፥ ወደ መጠጥም ይገባል፥ ቤቱም ገሃነም ይሆናል። ሪቻ ሚስቱን ያሚኒን ሆና ተጫውታለች። አንድ ቀን ሰክሮ ሲጣሉ በገፋት ጊዜ የፀነሰችው ጽንስ ይወርዳል። ያሚኒም አትጮኽም፥ ጎረቤት አትጠራም፤ በወለሉ ላይ የፈሰሰውን የገዛ ደሟን በእጇ ትጠርጋለች። ከዚያ በኋላም ለብዙ ጊዜ ለባልዋ አንድ ቃል አትናገረውም። ከቤቱ አትወጣም፤ ሠርታ ታበላዋለች፤ ሥራውንም ለሰው ታሳያለች፤ ቃሏን ግን ትከለክለዋለች።

ይህን ክፍል ያየ ሰው በቀላሉ አይረሳውም። በዚህ ስፍራ የሚያስፈልገው ፊትና እጅ፥ ዝምታም ብቻ ነበርና ድምፅ የምታውስ ሴት አላስፈለገችም። በውበት ውድድር የመጣች ልጅ ናት ብለው የናቋት ሁሉ የዚያን ጊዜ አፋቸውን ያዙ። ስለ ታሪኩ ፍሬ ነገር ግን እኛ ጥቂት ክርክር አለን። የሚስት ትዕግሥት ባልን ከጥፋት እንደሚመልስ ፊልሙ ያስተምራል፤ በመጨረሻም ባልየው ታላቅ ሽልማት ሲቀበል ስለ ሚስቱ ይመሰክራል። ይህ ለጆሮ ያማረ ነው። ነገር ግን በየቤቱ ደማቸውን ጠርገው ዝም ያሉት ሴቶች ሁሉ እንዲህ ያለ መጨረሻ እንዳላገኙ፥ የቤተ ሰብ ዳኝነት የተቀመጡ አንባቢዎቻችን ከእኛ ይበልጥ ያውቁታል። በሚቀጥለው ወር በወጣው «ኦስቴ» በተባለው የታሚል ፊልም የነበራት ስፍራ ግን ብዙ የሚነገርለት አይደለም፤ የሂንዲው «ዳባንግ» ግልባጭ ነው።

በ2012 አንድ ደስ የሚል ነገር ሆነ። ኤስ ኤስ ራጃሙሊ በ2006 በቴሉጉ ያዘጋጀው «ቪክራማርኩዱ» የተባለ ፊልም በቤንጋሊ ቋንቋ «ቢክራም ሲንግሃ» ተብሎ እንደ ገና ሲሠራ፥ ሴቲቱን ሆና እንድትጫወት የተጠራችው ሪቻ ነበረች። እንዲህ ሆኖ በሚሺጋን ያደገችው የቤንጋሊ ልጅ በቴሉጉ አገር ዞራ፥ በቴሉጉ ታሪክ በኩል ወደ እናቷ ቋንቋ ደረሰች። ብዙ የስደት ልጆች ወደ አባቶቻቸው ቤት የሚመለሱት በፊት ለፊቱ በር አይደለም፤ በጓሮው በኩል ዞረው ነው።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ከራቪ ቴጃ ጋር በ«ሳሮቻሩ» ከታየች በኋላ፥ በየካቲት ወር 2013 ከቴሉጉ ፊልሞቿ ሁሉ ይበልጥ የተወደደው «ሚርቺ» ወጣ። አዘጋጁ ኮራታላ ሲቫ ሲሆን ለእርሱም የመጀመሪያው ነበር። ፕራባስ የተባለው ተጫዋች በኢጣልያ አገር የሚሠራ ወጣት ሆኖ ይታያል። በዚያም ማናሳ የምትባል የአገሩን ልጅ ያገኛል፤ ይህች ሪቻ ናት። ማናሳ ዘመዶቿ በደም የሚፈላለጉ ጨካኞች መሆናቸውን ታውቃለችና ከእርሷ እንዲርቅ ትነግረዋለች። እርሱ ግን ወደ አገሩ ተመልሶ በቤታቸው በእንግድነት ይገባና፥ ጎራዴ ይዘው የሚያድሩትን ሰዎች ቀስ በቀስ በፍቅር ያለዝባቸዋል። የደም ጠብ በአገራችንም በብዙ አውራጃ የኖረ ነገር ስለ ሆነ፥ ቂም የያዘውን ቤት ከውስጥ ገብቶ ለማስታረቅ መሞከር የሚለው አሳብ ለእኛ እንግዳ አይሆንብንም። ፊልሙ ለ2013 ዓመት የናንዲን ሽልማት ተቀብሏል። ሪቻ ግን በታሪኩ ውስጥ የመጨረሻዋ ተመራጭ አይደለችም፤ የጀግናው ልብ የአኑሽካ ሼቲ ነው። ታላቅ ፊልም ውስጥ መገኘትና የፊልሙ እመቤት መሆን የተለያዩ መሆናቸውን ይህ ያሳያል።

በዚያው ዓመት በጥቅምት «ብሃይ» ታየ፤ ሕዝቡም አልወደደውም። ይህም ዘጠነኛው ፊልሟ ነበር፤ ስድስቱ በቴሉጉ፥ ሁለቱ በታሚል፥ አንዱም በቤንጋሊ ናቸው። ይህን ሁሉ የሠራችው በአራት ዓመት ውስጥ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን አንዱ ወደቀ፥ የሚመጣው ይነሣል ብሎ ይቀጥል ነበር። እርሷ ግን ሥራውን ትታ ወደ አሜሪካ ተመለሰች፤ ወደ ትምህርት ቤትም ገባች። በሴንት ሉዊስ ከተማ በሚገኘው በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የንግድ አስተዳደርን ተምራ በ2017 የማስተርስ ማዕርግ ተቀበለች።

ስለዚህ ነገር ሁለት ዓይነት ወሬ እንሰማለን። አንዳንዶች በሲኒማ የቀናት ሴት ይህን መተዋ ሞኝነት ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ከመጀመሪያው ትምህርቷን ብትከተል ኖሮ አምስት ዓመት ባላጠፋች ይላሉ። እኛ ሁለቱንም አንቀበልም። የመጀመሪያዎቹ የወንዶቹንና የሴቶቹን የዕድሜ ቍጥር አላዩም፤ ያን ጊዜ የጀመረችው ትምህርት ብዙ ዓመት ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ ምን ያህል እንደሚከብድ አላሰቡም። ሁለተኞቹም አምስቱ ዓመት ከንቱ አለመሆኑን አልተገነዘቡም። የማታውቀውን ቋንቋ በቃሏ አጥንታ፥ በማታውቀው ከተማ ብቻዋን ውል ተዋውላ፥ በሺህ ሰው ፊት የቆመች ሴት ለንግድ ሥራ የሚያስፈልገውን ድፍረት ከማንኛውም መጽሐፍ ይበልጥ ከዚያ ሳታገኝ አትቀርም። እኛ በሪቻ የምናደንቀው ነገር መግባቷን ብቻ ወይም መውጣቷን ብቻ አይደለም። ስትገባ የሚመለስበትን መንገድ ሳትዘጋ መግባቷን ነው። የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ቀምሳ ስለ ሄደች ወደ ትምህርት መመለስ ለእርሷ እንግዳ አልሆነባትም። በአሥራ አምስት ዓመቷ ከትምህርት ቤት ወጥታ ወደ ሲኒማ የገባች ልጅ ግን በ27 ዓመቷ ወዴት ትመለሳለች?

ይህን ስንል የሁሉ መንገድ አንድ ነው ማለታችን አይደለም። ስሪሊላ የምትባለው በአሜሪካ ተወልዳ በባንጋሎር ያደገች ወጣት በ2021 ወደ ቴሉጉ ሲኒማ ስትገባ የሕክምና ትምህርቷን አልተወችም ነበር፤ ሁለቱን አያይዛ ይዛለች። ይህ እንዴት እንደሚቻል ለማሰብ ያስቸግራል፤ ቀን በዘፈን መካከል እየዘለሉ፥ ሌሊት ስለ አጥንትና ስለ ጅማት ማጥናት ቀላል አይሆንምና። እናቷ ሐኪም መሆኗ ግን ጥቂት የሚያስረዳን ይመስለናል።

የሪቻ ነገር አንድ የሚያስገርም ቅሬታ አለው። ሥራውን ከተወች በኋላ ብዙ ዓመት ሲያልፍ፥ አድናቂዎቿ የሚቀጥለው ፊልም መቼ ነው? እያሉ መጠየቅን አልተዉም። እርሷም ያ ዘመን ማለፉንና የመመለስ አሳብ እንደሌላት ደጋግማ በግልጥ አስታውቃለች። ሰው ዶክተር ሆኖ ቢተው፥ ነጋዴ ሆኖ ቢተው እንዲህ አይጠየቅም። ሴት ተጫዋችን ግን ሕዝቡ እንደ ገዛ ዕቃው ይቈጥራታል፤ የፎቶግራፍ ወረቀት በቤቱ ስለ ሰቀለ ሰውየይቱንም የሰቀለ ይመስለዋል። በትምህርት ቤት አብሯት ይማር ከነበረ አንድ አሜሪካዊ ጋር በ2019 ተጋባች፤ በ2021 ወንድ ልጅ ወለደች። ኑሮዋንም ከሲኒማ ርቃ በአሜሪካ አደረገች።

ከእርሷ ቀደም ብላ የነበረችውን የላያን ነገር ጨምረን እናብቃ። ላያ የቪጃያዋዳ ልጅ፥ ቋንቋው አፍ መፍቻዋ የሆነ፥ በ1999 «ስዋያምቫራም» በተባለው ፊልም የታወቀች፥ ከአንድ ጊዜ በላይም የናንዲን ሽልማት የወሰደች ናት። በ2006 በአሜሪካ የሚሠራ ሐኪም አግብታ ወደ ካሊፎርኒያ ሄደችና በዚያ ልጆቿን አሳደገች። ሪቻ ከአሜሪካ ወደ ቴሉጉ አገር በሄደችበት መንገድ እርሷ ከቴሉጉ አገር ወደ አሜሪካ ሄደች ማለት ነው። በ2025 በሐምሌ ወር ግን ላያ ልጆቿ ካደጉ በኋላ ወደ ሃይደራባድ ተመልሳ «ታሙዱ» በተባለ ፊልም እንደ ገና ታየች። የተሰጣትም የጀግናው ፍቅረኛ ሳይሆን የታላቅ እኅት ስፍራ ነበር።